የጀልባዋ ሞተር የማን መስክ ነው?

ባሌ አሸብር ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በኋላ የምለውን የሚሰማ ሰው ሌላ እንዳይመስለው ነው። ተወልዶ ያደገው እዚሁ ጋምቤላ ክልል መቲ ነው፤ አባቱ ከደጋ መጥተው የሰፈሩ የቡና ገበሬ ናቸው። እሱ ተምሮ ተምሮ ጋምቤላ ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲ የመካኒካል ምህንድስና መምህር፣ ቀጥሎም የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሆነ። ሰፈራችን ውስጥ ግን እስከ ዛሬ "መካኒኩ" ነው የሚባለው። ባጃጅ የቆመበት ሁሉ በራችንን ያንኳኳል። እሱም "እኔ የሙቀት ኢነርጂ ነኝ፤ ተሽከርካሪ የባልደረባዬ የሙሄ መስክ ነው" ብሎ ይመልሰዋል። ባለባጃጁ ምን ይበል? እየገፋ ይሄዳል።

መስክ! በዚች ቃል ስንት ጊዜ እንደተቃጠልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

እሱ ኃላፊ ከመሆኑ በፊት መምህራኑ አይስማሙም ነበር። የሙቀቱና የዲዛይኑ ሰዎች አንድ ዓይነት የፀሐይ ማድረቂያ ለመሥራት ተነሥተው ተጣሉና ሰላምታ እስከ መከልከል ደረሱ። አሸብር እንደተሾመ ጠቡን አበርዳለሁ ብሎ የምርምር መስኮቹን በአራት ከፈለ፦ ሙቀት፣ ዲዛይን፣ ማምረቻ፣ ተሽከርካሪ። አንድ ጥናት በአንድ መስክ ብቻ፤ ከድንበሩ የወጣ ነገር አይታይም። ይህንኑ በትልቅ ባነር አሳትሞ ከቢሮው በር በላይ ሰቀለው። ጠቡ በእርግጥ በረደ። ችግሩ፣ ዝርዝሩን የገለበጠው ማስተርሱን ከተማረበት የደጋ አገር ዩኒቨርሲቲ ነበርና በሙቀት መስክ ሥር በደማቅ ቀይ "የመኖሪያ ቤት ማሞቂያ" የሚል ተጽፎበታል። ጋምቤላ ላይ! ግድግዳው በሚፋጅበት፣ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ሻይ በሚያክልበት አገር!

"ኧረ አሹ፣ ሰው ይስቅብሃል፤ ይህችን እንኳ አስወጣት" ብለው፣ "በጉባኤ የጸደቀ ነገር እንዲሁ አይነካም" አለኝ። ተውኩት።

እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ባለፈው ዓመት ባሮ ወንዝ ዳር ማታር ተመደብኩ። ባሮ ሲሞላ እዚያ መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ ምጥ የያዛትን እናት ከወንዙ ዳር መንደሮች የምናመጣት በሞተር ጀልባ ነው። ጀልባዋን የሚነዳው ኮት የሚባል ቁመተ ረጅም የኑዌር ሰው ነው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው የወንዙን ውሃ እየሳበ ሲሆን፣ የሳበውን ከኋላው በቀጭኑ መልሶ ይተፋዋል። ኮት ያችን ቀጭን ውሃ "ሽንት" ይላታል። ሽንቱ ከቀጠነ ሞተሩ እየጋለ ነው፤ ከጋለ ደግሞ ይቆማል። ውሃውን የምትስበው ክንፍ ያላት አንዲት ትንሽ ጎማ ናት። የባሮ ደለል እሷን ይበላታል። አዲስ ይገባላታል፣ አዲሷንም ይበላታል።

"ሲስተር፣ ባልሽ ኢንጂነር ነው አይደል? ለሱ ንገሪ እንጂ" አለኝ ኮት።

ነገርኩት። ባሌ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ሞተር ከሆነ ወደ ተሽከርካሪ ነው የሚሄደው።" ለሙሄ ተላለፈ። ሙሄ "የእኛ መስክ መንገድ ላይ የሚሄደውን ነው፤ ደግሞ ማቀዝቀዝ የሙቀት ነው" ብሎ መለሰው። አሸብር "የጎማዋ መበላት ግን የቁስ ጉዳይ ነው" ብሎ ለማምረቻ ወረወረው። የማምረቻዎቹ "መጀመሪያ ዲዛይን ይውጣለት" አሉ። የዲዛይኑ ኤልያስ ደግሞ "ዲዛይን የምናወጣው የችግሩ ባለቤት ሲታወቅ ነው" ብሎ ዘጋው። ስብሰባ ተጠራ፣ ሌላ ስብሰባ ተጠራ፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። በስልክ በጠየቅኩት ቁጥር "በሂደት ላይ ነው" ይለኛል። ወንዙ ግን በሂደት ላይ አልነበረም፤ ሞልቶ ነበር።

እውነቱን ልናገርና ከንዴቱ ሥር ፍርሃት ነበረኝ። አንድ ቀን እናት ይዘን መሃል ውሃ ላይ እንደምንቀር ልቤ ያውቀው ነበር። ይህንንም ነግሬዋለሁ፤ "አትሟረቺ" አለኝ።

ዩኒቨርሲቲው ለዕረፍት ሲዘጋ ሊጠይቀኝ ማታር መጣ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ከሩቅ መንደር ኛሪየክ የምትባል እናት ምጥ ጠንቶባታል ተብሎ ተጠራን።

"ና ተሳፈር" አልኩት።

"እኔ ምን እሠራለሁ?"

"ምንም። ተቀመጥ።"

ስንሄድ ደህና ሄድን። ኛሪየክን ጀልባዋ ላይ አስተኝተን ስንመለስ ኮት ደጋግሞ ወደ ኋላው ያይ ጀመር። ከዚያ እኔን አየኝ።

"ሲስተር፣ ሽንቱ ጠፋ።"

ሞተሩ ተንተፋተፈና ቆመ። የባሮ ውሃ ወደ ታች ይገፋን ጀመር። ኮት መቅዘፊያውን አነሣ። አሸብር ዘሎ የሞተሩን ክዳን ሲከፍት ጣቱን ተቃጠለ። ኛሪየክ በኑዌርኛ የምትለው አይገባኝም፤ ጩኸቷ ግን ይገባኛል፣ ልጁ እየመጣ ነበር። ያን ጊዜ አንጀቴ ውስጥ የከረመው ሁሉ ፈነዳ።

"እስቲ አሁን ንገረኝ አሹ! ይሄ የማን መስክ ነው?"

 አሸብር የተቃጠለ ጣቱን ውሃ ውስጥ እየነከረ ሞተሩ እስኪበርድ ይጠብቃል፣ ጥቂት ያስኬደዋል፣ ሳይግል ያጠፋዋል፣ እንደገና ይጠብቃል። እንዲህ እየተጎተትን ሳለ ልጁ እጄ ላይ ወደቀ። አላለቀሰም። አፉን ጠረግኩ፣ ጀርባውን አሸሁ፣ የመተንፈሻ ጭንብሉን ፊቱ ላይ አድርጌ አየር ሰጠሁት። ኮት መቅዘፉን አቆመ። እየሰጠሁት፣ እየሰጠሁት፣ ድንገት ጮኸ። ቀና ስል አሸብርም ያለቅሳል። አዘንኩለት፤ ግን ንዴቴ አልበረደም፤ ለምን ይዋሻል?

ጋምቤላ ሲመለስ የተበላችውን ጎማ ይዞ ስብሰባ ጠራ። የሆነውን የነገረኝ ሙሄ ነው። ጎማዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ስለ ኛሪየክ ነገራቸው።  ከዚያ ኤልያስ፣ እግዚአብሔርን ፈርቶ እንኳ ዝም አይልም፣ "ታዲያ በየትኛው መስክ ሥር እንየው?" ሲል ጠየቀ። አሸብር ወንበር ይዞ ወጣ። ባነሩን ከበሩ ላይ ነቅሎ ተመለሰና "በየትኛውም" አለ።

ከዚያ ወዲያ አይጣል ነው! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የአራቱም መስክ ሰዎች ማታር ወረዱ። ውሃው የሚገባበት ላይ ደለል የሚያስቀር ማጣሪያ ኤልያስ ነደፈ፣ የማምረቻዎቹ ሠሩት፣ አሸብር ውሃው በቂ መሆኑን ለካ፣ ሙሄ ሞተሩን ፈታቶ ገጠመ። ሲሠሩም ይጨቃጨቁ ነበር። የመጀመሪያው ማጣሪያ በሣር ተደፈነ፣ ሌላ ሠሩ። እኔ የምለው፣ ይሄ ሁሉ ከመጀመሪያው ምን ነበረበት?

አሸብር ይዞት የመጣውን ባነር ኮት ወሰደው። ጠንካራ ፕላስቲክ ስለሆነ በእንጨት ወጥሮ ለጀልባዋ ጥላ አደረገው። አሁን እናቶቻችን ከፀሐይ ተሸሽገው የሚመጡት ከሥሩ ተኝተው ነው።

በቅርቡ ኛሪየክ ልጇን ለክትባት ስታመጣ በዚያችው ጀልባ ተሳፍረን ነበር። አሸብርም ማጣሪያውን ሊያይ መጥቶ ከፊት ተቀምጧል። ኛሪየክ ሽቅብ ስታይ ቆየችና ለኮት አንድ ነገር አለችው።

"ሲስተር፣ ቀዩ ጽሑፍ ምን ይላል ትላለች።"

"የመኖሪያ ቤት ማሞቂያ።"

ኮት ተረጎመላት። መጀመሪያ የተሳሳተ መስሏት ደግማ ጠየቀችው። ከዚያ ልጁ እስኪባንን ድረስ ሳቀች፤ ኮትም ሳቀ፤ እኔም ሳቄ መጣ።

"ማነው ያስጻፈው ትላለች።"

በጣቴ አሳየኋት። አሸብር አንገቱን ደፋ። ኛሪየክ አየችው፤ አወቀችውም። ሳቋን ተወችና ከተቀመጠችበት ጎንበስ ብላ ልጁን ሰጠችው።

ተቀበላት። ልጁን ታቅፎ፣ ማታር እስክንደርስ ድረስ ከሞተሩ ኋላ ከምትፈሰው ቀጭን ውሃ ላይ ዓይኑን አልነቀለም።