በኢንች የተቆረጠ ጥርስ

እንግሊዝ አገር፣ ፊንስበሪ ፓርክ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጥ አንድ ቶርኖ ማሽንና እኔን ብቻ የምትችል ጠባብ ክፍል አለችኝ። ሥራዬ ቀለበት መቁረጥ ነው፤ የጋብቻ እንዳይመስላችሁ። የአንዱ ፋብሪካ ካሜራ ከሌላው ፋብሪካ ቴሌስኮፕ ወይም ማይክሮስኮፕ ጋር አልገጥም ሲል፣ መሀል ገብቶ የሚያስታርቃቸው የአሉሚኒየም ቀለበት አለ። በአንድ ጎኑ የአንዱን፣ በሌላ ጎኑ የሌላውን ጥርስ አወጣለትና እንደ ብሎን እየተሽከረከረ ይገባል። ኢንተርኔት ላይ አይቶ መጥቶ “ይቺ እኮ ቀላል ናት” የሚለኝ ደንበኛ ደሜን ያፈላዋል። ቀላል ከሆነች አንተው ቁረጣታ!

ባለፈው መኸር ከክላፋም ሰፈር አንድ አዛውንት ማይክሮስኮፕና ትንሽ ካሜራ በገበያ ጋሪያቸው ጭነው መጡ። አገር ቤት ሠላሳ ዓመት የወባ ላቦራቶሪ ባለሙያ ነበሩ። እዚህ ሲመጡ የትምህርት ማስረጃቸውን የሚቀበላቸው ጠፋና ሆስፒታል ጽዳት ገቡ። በመጀመሪያው ደሞዛቸው የገዙት ይህንን አሮጌ የእንግሊዝ ነሐስ ማይክሮስኮፕ ነው፤ ሙያዬ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው አሉኝ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከሰፈራቸው ኩሬ ውሃ እየቀዱ፣ ውስጡ የሚርመሰመሰውን ሲያዩ ይውላሉ። በቅርቡ ግን አንገታቸውን ኦፕሬሽን ሆኑና ሐኪሙ ማጎንበስ ከለከላቸው። ማይክሮስኮፑ ካሜራ ከተገጠመለት ቀና ብለው በስክሪን ያያሉ። ካልተገጠመለት ግን ማየት ቀረ ማለት ነው።

አትቸኩዪ፣ ሳምንትም ይሁን አሉኝ። እኔ ግን ጉራዬ ተነሳብኝና፣ ጋሼ ቁጭ ይበሉ፣ ሻይዎን ሳይጨርሱ አደርስልዎታለሁ አልኳቸው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የተባለው ለእኔ ሳይሆን አይቀርም።

ከማይክሮስኮፑ ቱቦ አፍ ላይ ክዳኑን ፈታሁ። ጥርሱ አራት ዙር ብቻ ነው። ለዚህ ሥራ ማበጠሪያ የመሰሉ ስስ መለኪያዎች አሉ፤ ከጥርሱ ጋር የሚገጥመው እስኪገኝ አንድ በአንድ ይሞከራሉ። አዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት በሚሊሜትር ያደገች እጄ መጀመሪያ ያነሳችው የሦስት አራተኛ ሚሊሜትሩን ነው። ለዓይን ገጠመ። ከመብራት ፊት ይዤ በመሀላቸው ብርሃን መሹለኩን ቼክ ማድረግ ነበረብኝ። ይህንን ተማሪም ያውቀዋል። አላደረግኩትም።

ስለ አውቶቡስ መዘግየት እያወራሁላቸው ቀለበቱን ቆርጬ ቱቦው አፍ ውስጥ አስገባሁት። አንድ ዙር ተኩል ሄደና ጠበቀ። የቀረ ፍቅፋቂ ይሆናል ብዬ በጨርቅ ይዤ ገፋ አደረግኩት። ያኔ ነከሰ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም እምቢ አለኝ። ወሬዬ ቆመ። ጋሼ፣ ማለስለስ ይቀረዋል፣ እኔ ዘንድ ይደር ብዬ ዋሸኋቸው። ሰዓታቸውን አዩና፣ መሄድ አለብኝ፣ አርብ እመጣለሁ ብለው ተነሱ። ሻዩ እንኳ አላለቀም ነበር።

እንደ ወጡ ክዳኑንና መለኪያውን ከመብራቱ ፊት ያዝኳቸው። ብርሃኑ በመሀላቸው ቁልጭ ብሎ ታየ። ለካ የድሮ እንግሊዞች የቆረጡት በኢንች ኖሯል፤ በአንድ ኢንች ሠላሳ ስድስት ጥርስ። በየዙሩ ያለው ልዩነት ከፀጉር ይቀጥናል፤ እየተጠራቀመ ሲሄድ ግን ይነክሳል። ሃያ አምስት ዓመት መንገዱን በማይል ስሄድ፣ ወተቱን በሊትር ሳይሆን በፓይንት ስገዛ ኖሬ ይሄ ይጠፋኛል? ምን ዓይነት ደንቆሮ ነኝ!

ዘይት አንጠባጠብኩበት። አንድ ቀን ጠበቅኩት፤ ንቅንቅ አላለም። የጋሼን ዓይን አጠፋሁባቸው እያልኩ እህል አልወርድ አለኝ። ስህተቱ ሳያንሰኝ ጭራሽ ዋሽቻለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ጨከንኩ። ቱቦውን ከመቆሚያው አውጥቼ በቆዳ ጠቀለልኩና ማሽኑ ላይ አሰርኩት። የቀረኝ መንገድ አንድ ነው፤ ቀለበቱን ከውስጥ በኩል ጥቂት በጥቂት እየላጡ ማሳሳት። ቢላው በትንሹ ካለፈ ግን የነሐሱን ጥርስ ይበላዋል፤ ያኔ ማይክሮስኮፑ አለቀለት። የሚወጣው ፍቅፋቂ ነጭ እስከሆነ ድረስ ደህና ነኝ። ቢጫ ካየሁ ግን ነሐሱን ነክቻለሁ ማለት ነው። አምላኬን እየተማጸንኩ ዓይኔን ከፍቅፋቂው ላይ አልነቅል አልኩ። ነጭ። አሁንም ነጭ። ቀለበቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሲሳሳ ማሽኑን አጠፋሁና ጠርዙን በመርፌ ወደ ውስጥ ጎነጥኩት። ተጨማዶ ወጣ።

ጥርሶቹን በአጉሊ መነጽር አየኋቸው። የመጀመሪያው ትንሽ ተጭሯል፤ የቀሩት እንደ ነበሩ ናቸው። እፎይ! መሬት ላይ ዘርፈጥ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ራበኝ። ከሰዓት በኋላ ማሽኑን ወደ ኢንች ቀይሬ አዲስ ቀለበት ቆረጥኩ። በሁለት ጣት እስከ መጨረሻው ገባ።

አርብ መጡ። የኩሬያቸውን ውሃ በትንሽ ጠርሙስ ይዘዋል። ካሜራውን ገጠምኩ፣ ጠብታዋን መስታወቱ ላይ አኖሩ፤ አንዲት ብርሃን የሚያሳልፍ ገላ ያላት ፍጥረት በአፏ ዙሪያ ያለውን ፀጉር እያሽከረከረች ስክሪኑን ሞላችው። አንገታቸውን ቀና አድርገው ቆመው እንደ ልጅ ፈገግ አሉ። ያንን ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ። ቀለበቱ መንከሱንም፣ መዋሸቴንም፣ በቢላ ልጬ ማውጣቴንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው።

ዓይናቸውን ከስክሪኑ አላነሱም።

“አውቄያለሁ ልጄ። ወሬሽ ሲቆም ነው ያወቅኩት።”

“ካወቁ ታዲያ ለምን ጥለውልኝ ሄዱ?”

“ላቦራቶሪ ስንቱን አሰልጥኛለሁ። የተሳሳተ ሰው አጠገብ ቆመሽ ካየሽው፣ እፍረቱን ለመሸፈን ሲል ዕቃውን ይሰብረዋል። ፊትሽ ተቀምጬ ብሆን በጉልበት ታወጪው ነበር።”

እውነታቸውን ነው፤ በጉልበት አወጣው ነበር። ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ እሳቸውም ያቺ ፍጥረት ምን እንደምትበላ ያስረዱኝ ጀመር።