ጠፋ የተባለው ጫማ

ሐመልማልን ያሳደጋት ይሉኝታ ነው። ጉለሌ ተወልዳ ጉለሌ የተዳረች፣ ስምንት ወር የሞላው ሆድ ይዛ እንኳ ታክሲ ውስጥ «ጠጋ በሉልኝ» ማለት የሚከብዳት ሴት ናት። ሰሞኑን እግሯ ያብጣል፤ ቁርጭምጭሚቷን በጣት ሲጫኑት ስርጉድ ብሎ ይቀራል። ሐኪሟ የደም ግፊቷን ለክታ፣ «ደህና ነሽ፤ ብቻ ብዙ አትቁሚ፣ ስታርፊ እግርሽን ከፍ አድርጊ» ብላታለች። ግን ይህን ለማን ትናገር? አማቷ ወይዘሮ ብርቅነሽ፣ «እኔ ስድስት ስወልድ እስከ ምጤ ቀን ከእንጦጦ እንጨት ተሸክሜ ወርጃለሁ! የዘንድሮ እርጉዝ ከሆዷ ይልቅ ቅምጥልነቷ ይከብዳታል» ሲሉ ሺህ ጊዜ ሰምታለች።

እሁድ ቅዳሴውን አማቷ ጎን ቆማ አስቀደሰች። አንዲት ሴት «አረፍ በይ» ብላት ነበር፤ አማቷ ቆመው እሷ እንዴት ትቀመጥ! ሲያልቅ ጫማዋን አንስታ ዛፍ ስር ካለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። እግሯ አልገባ አለ። ብትገፋ ብትጎትት በላብ ተጠመቀች እንጂ ጫማው ተረከዟን አላልፍ አለ። በዚህ መሃል ወይዘሮ ብርቅነሽ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሲመጡ አየችና ጫማውን ቦርሳዋ ውስጥ ወሸቀችው።

«ምነው በባዶ እግርሽ?»

«ጫማዬ... ጠፋብኝ፣ እትዬ።»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር! እውነቱን ብትናገር ቢበዛ አንድ ሳምንት ብትታማ ነው።

ወይዘሮ ብርቅነሽ ደግሞ ነገርን በዋዛ የሚያልፉ ሴት አይደሉም። ዓይናቸው በሩ ጋ ተቀምጠው ምጽዋት በሚለምኑት በእማማ ዓለምነሽ ላይ አረፈ። «ከጠዋት ጀምራ ጫማው አጠገብ የተቀመጠች እሷ ናት!» ብለው ዘበኛውን ጠሩ። ዘበኛው የአሮጊቷን ጥቅል ነጥቆ ገለበጠው። የደረቀ ዳቦ፣ ማበጠሪያ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የታጠበ የውስጥ ልብስ ሰው ፊት ተበተነ። እማማ ዓለምነሽ ልብሱን በእጃቸው ሸፈን አደረጉት።

ሐመልማል መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስታዋ ነበር።

«እኔ ጋ ነው!» አለች ጫማውን ከቦርሳዋ እያወጣች። «እግሬ አብጦ አልገባ ብሎኝ ነው። አፍሬ ነው የዋሸሁት... ይቅር በሉኝ።»

ወይዘሮ ብርቅነሽ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ዘበኛው ዞር አለ። የተበተነውን ያነሳ ግን አልነበረም።

ሐመልማል እሷው ልትለቅም ጎንበስ ለማለት ሞከረች፤ ሆዷ አላስጎነብስ አላት። ደግማ ሞከረች፤ አልሆነም። እሷ ሌባ ያሰኘቻቸው አሮጊት እግሯ ስር ተንበርክከው የዳቦውን አፈር እያራገፉ ሲለቅሙ ቆማ ማየት ሆነ ዕጣዋ። ቢሰድቧት፣ ቢረግሟት ይሻላት ነበር።

እማማ ዓለምነሽ ከመሬቱ ቀና ሲሉ እግሯን አዩት።

«ውይ ልጄን! እንዲህ አብጦ ነው የቆምሽበት?» አሉና የሚቀመጡበትን ካርቶን ገፋ አደረጉላት። «በይ ቁጭ በይ።»

ሐመልማል ካርቶኑ ላይ ተቀመጠች። ቀና ብላ ፊታቸውን ማየት ግን አልቻለችም።