የደርዛው ወሰን ድንጋይ

ፓሽክ ሰው ሲያማ ሰምቼ አላውቅም። ካርታ ሲያማ ግን ይውል ነበር። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ አፍንጫውን ወረቀቱ ላይ ተክሎ፣ «ይሄን የሣለ ሰው መሬት ረግጦ አያውቅም» ይላል። «ቤቱን ወንዙ መሃል አቆመው እኮ። ባለቤቱ ዓሣ ነው እንዴ?» እኔ ከፊት ለፊቱ ተቀምጬ እስቃለሁ። ሽኮድራ ከተማ ባለው የመንገድ መሥሪያ ቤት አንድ ጠረጴዛ ተጋርተን ነው ያረጀነው። ይህ አልበቃ ብሎ መኖሪያችንም አንድ ሕንፃ ላይ ነው፤ እሱና እናቱ ከላይ፣ እኔ ከታች።

ሥራችን የወሰን ካርታ ነው። አዲስ መንገድ ሲታሰብ መሐንዲሶቹ መሃሉን ያሰምራሉ፣ ቀያሾቹ መንገዱ ከግራና ከቀኝ የሚወስደውን መሬት በቀይ ይከባሉ። እኛ ደግሞ ቀዩ ውስጥ የገባው እርሻ የማን እንደሆነና ካሳው ለማን እንደሚከፈል፣ የትኛው ቤት እንደሚፈርስ፣ የትኛው ዛፍ እንደሚቆረጥ፣ የትኛው መቃብር እንደሚነሣ አጣርተን እንፈርማለን። ከፊርማችን ቀጥሎ የሚመጣው ማሽን ነው። ስለዚህ ፓሽክ ያልረገጠውን መሬት አይፈርምም ነበር። ክረምት ከበጋ ሳይል ተራራ ለተራራ ይዞር ስለነበር ጫማ ሰፊው ከዘመዶቹ ሁሉ የበለጠ ያውቀዋል።

ሲያድግ፣ በኮሚኒስቶቹ ዘመን፣ የሕዝብ ጠላት የተባለ ሰው ልጅ ነበርና የትምህርት ቤት በር አልተከፈተለትም። ቀያሾችን እየተከተለ፣ ችካል እየተሸከመ ነው ሙያውን የለመደው። አባቱን አያውቀውም። ሃይማኖት በተከለከለበት ዘመን ለሞተ ወንድሙ ሻማ አብርቷል ተብሎ ታሰረ፣ ፓሽክ ሳይወለድ፤ ከዚያም እስረኞች በሚሠሩበት ማዕድን ማውጫ ውስጥ እንዳለ ሞተ። ሚስት አላገባም። በዚህ ምድር ላይ የነበረው ሁለት ነገር ነው፤ እናቱ እማማ ድራኔና ንጹሕ ስሙ።

ታዲያ አንድ መኸር ላይ የደርዛ ካርታ ጠረጴዛችን ላይ መጣ። ደርዛ የፓሽክ መንደር ናት። ቀዩ መስመር የእናቱን የፕሪም ዛፎች አቋርጦ፣ በእነሱና በጎረቤታቸው በሉላሽ መሬት መካከል የቆመውን ወሰን ድንጋይ ውጦ ያልፋል።

«ይሄን ለእኔ ስጠኝ» አልኩት። «የእናትህ መሬት ላይ አንተ አትፈርምም።»

«ሰው ምን ይላል? ፓሽክ ከሴት ቀሚስ ጀርባ ተደበቀ ይሉኛል።»

«ይበሉሃ። ቀሚሴ ሰፊ ነው፣ ሌላም ሰው ተደብቆበት ያውቃል።»

ሳቀ እንጂ አልሰጠኝም። ግትር ነው። እኔም ካርታውን ነጥቄው መሮጥ ሲገባኝ ተውኩት።

ደንቡ እንደሚለው ሰው አይቶ ቅሬታ ካለው እንዲያቀርብ ካርታው በመንደሩ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። አብሬው ሄጄ ነበር። ሉላሽ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ካርታውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ቀልደኛ፣ ግን የያዘውን የማይለቅ ሰው ነው።

«ፓሽክ፣ ይሄ መስመርህ ሌላ ቦታ ቀጥ ብሎ ይሄዳል» አለው። «የእናትህ ፕሪም ጋ ሲደርስ ግን ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ይሰጣል።»

መንደሩ ሳቀ። ፓሽክም ፈገግ አለ። «ኩርባ ነው፣ ሉላሽ። የሣልኩትም እኔ አይደለሁም።»

«እሺ መስመሩን ተወው። የእኔ ነገር ድንጋዩ ነው። ያ ድንጋይ ቦታው ላይ አይደለም። ፕሪሙ በሙሉ የእኛ ነበር ይል ነበር አባቴ። አባትህ ነፍሱን ይማረውና ሳይታሰር በፊት ገፍቶታል።»

ሳቁ ቆመ። እኛ ዘንድ ሰውን ሌባ ማለት ይቻላል፣ ሰካራምም ማለት ይቻላል። ድንበር ገፊ ግን አይባልም። ድንበር የገፋ ሰው ድንጋዩን በወዲያኛው ዓለም በአንገቱ ተሸክሞ ይኖራል ይባላል። በኅብረት እርሻው ዘመን፣ የግል ድንበር ጠፋ በተባለበት ጊዜ እንኳ ትራክተር ነጂው የወሰን ድንጋይ ጋ ሲደርስ ዞሮ ያልፍ ነበር። የፓርቲው ጸሐፊ «ምን ያስዞርሃል?» ሲለው «ማረሻው ይሰበራል» ይላል። ማረሻው እንደማይሰበር ሁለቱም ያውቁ ነበር።

«ያልከውን ታውቃለህ?» አለ ፓሽክ ፊቱ ነጭ ሆኖ።

«አልሰከርኩም። አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ይቆፈር።»

መቆፈር የሚባለው ይህ ነው። አባቶቻችን ወሰን ድንጋይ ሲተክሉ ከሥሩ ከሰልና ጠጠር ይቀብራሉ፤ ምስክሮች ይባላሉ። ድንጋዩን በጨለማ የሚገፋ ሰው ምስክሮቹን ይረሳቸዋል። ክርክር ሲነሣ ሽማግሌ ባለበት ይቆፈራል፣ ከሰሉ ከተገኘ ድንጋዩ እውነተኛ ነው። ወረቀት በጠፋበት አገር መሥሪያ ቤታችንም ይህን ይቀበላል።

በማግስቱ እሑድ ነበርና እነሱ ቤት ምሳ በላሁ። ጎመኑን እየበላን ፓሽክ ነገሩን ለእናቱ ነገራቸው። እማማ ድራኔ የበቆሎ ዳቦውን እየቆረሱ ነበር፤ ቢላዋው ቆመ።

«ቀዩን መስመር ወደ ወንዙ ትንሽ ገፋ ብታደርገውስ?» አሉት።

ፓሽክ ማንኪያውን አስቀመጠ። «እማዬ፣ ምን እያልሽ ነው? የሚያሰምረው መሐንዲሱ ነው።»

«እሺ። ፕሪሙን ለሉላሽ ስጠው። እኔ ምን ያደርግልኛል? ጥርስ የለኝ።»

«ብሰጠው እኮ አባቴ ድንበር ገፊ ነበር ማለቴ ነው።»

«የሞተ ሰው ስም አይከብደውም። ስጠው፣ ልጄ።»

ፓሽክ ሳህኑን ገፋ አደረገ። ሴትየዋ በሕይወታቸው ከልጃቸው ምንም ለምነው አያውቁም፤ ካልሲ ሲገዛላቸው እንኳ ይቆጣሉ። አሁን ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከመቆፈሩ በፊት አንድ ቀን ወደ ደርዛ ውሰደኝ። ብቻዬን ድንጋዩ ጋ ትተኸኝ ተመለስ» አሉት።

ያኔ ፓሽክ እናቱን ያየበትን አስተያየት አልረሳውም። በዓይኑ እንደ ተከሳሽ ነው የመረመራቸው። እኔን በረንዳው ላይ አስወጥቶ በሹክሹክታ «ገባሽ አይደል?» አለኝ። «ከሰል ልትቀብር ነው። ገፍቶት ነበር ማለት ነው። ሉላሽ እውነቱን ነው።»

«ወይም ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ለምን አትጠይቃቸውም?»

«ምን ብዬ? አባቴ ሌባ ነበር ወይ ብዬ?»

አልጠየቃቸውም። አልወሰዳቸውምም። እሳቸውም እንደ ዱሮው ሆድ ይፍጀው አሉ። ሁለት ዝምተኛ ሰዎች አንድ ቤት ሲኖሩ ግድግዳው እንኳ ይደክመዋል። እኔ ከታች ሆኜ የሁለቱን እግር ወዲያ ወዲህ ሲል እሰማ ነበር፤ ድምፅ ግን አልነበረም።

የመቆፈሪያው ዕለት እማማ ድራኔ ማንም ሳይነግራቸው ጥቁር ሻሻቸውን አስረው መኪናው ውስጥ ገብተው ተቀምጠው አገኘናቸው። ደርዛ ደረስን። ሰማዩ ደመና ነበር፣ ፕሪሙ ቅጠሉን አራግፏል። ሉላሽ ቀድሞ መጥቷል። አባባ ጌጋ የሚባሉት የመንደሩ ሽማግሌ ነጭ ቆባቸውን አድርገው፣ ዶማቸውን ተደግፈው ቆመዋል። እማማ ድራኔ በርጩማ ሲያመጡላቸው እምቢ አሉ። መሬቱ ላይ፣ ድንጋዩ አጠገብ ቁጭ አሉ።

ድንጋዩን ሉላሽና ፓሽክ በእጃቸው ገፍተው አጋደሙት። አባባ ጌጋ ቀስ እያሉ መቆፈር ጀመሩ። ብዙም አልሄዱ፣ አፈሩ ጠቆረ። ከሰል ነው። ቀጥሎ የወንዝ ጠጠር፣ ደግሞ ከሰል። ሽማግሌው አንዱን አንሥተው በጣታቸው አደቀቁት።

«ድንጋዩ ቦታው ላይ ነው» አሉ። «ማንም አልገፋውም። ሉላሽ፣ ሰውየውን ይቅርታ ጠይቅ።»

ሉላሽ ኮፍያውን አወለቀ። «አባቴ ያለኝን ነው የተናገርኩት። ይቅር በለኝ።»

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ፕሪም አረቄ ጠጥተን እንመለስ ነበር። እማማ ድራኔም የልጃቸውን ሱሪ ያዝ አድርገው «ከሰሉ ታየ፣ ልጄ። በቃ፣ ይመለስ» አሉት። ፓሽክ ግን እናቱን ለሳምንታት በሆዱ ሲጠረጥር የከረመ ሰው ነው፤ ይህ እንደ እሳት ይፈጀው ነበር። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነበት።

«ሁሉም ምስክር ይውጣ» አለ። «ነገ ማንም ሰው አፍ እንዳይኖረው። አባባ ጌጋ፣ ጎኑን ይቆፍሩት።»

«ፓሽክ» አሉ እናቱ።

«እማዬ፣ ተይኝ።»

ዶማው ጎኑን ነካው። የወጣው ከሰል አልነበረም። የበሰበሰ ሱፍ ነው፣ ቀይ ሆኖ የተሠራ፤ በአገራችን ሴቶች ሕፃን የሚጠቀልሉበት መታጠቂያ። አባባ ጌጋ ዶማውን ጣሉና በጉልበታቸው ተንበረከኩ፣ በጣታቸው አፈሩን ገለጥ አደረጉት። ከዚያ ቆባቸውን አወለቁ። ውስጡ ያለው አጥንት የወፍ አጥንት ያህል ነበር።

ከሁላችንም ቀድሞ የተናገረው ሉላሽ ነው። «የማን ነው?» አለ።

«የእኔ ናት» አሉ እማማ ድራኔ። «በዶማ አትንኳት። አባባ ጌጋ፣ በእጅዎ ያንሷት።»

ፓሽክ እናቱን እያየ ቆሟል። እሳቸው ግን አላዩትም፤ የሚያወሩት ለጉድጓዱ ነበር።

«መንታ ሆነው መጡ። በረዶ ነበር። የጠላት ሚስት ቤት ማን ይመጣል? ብቻዬን ነው የተገላገልኩት። እህሌን ከልክለውኛል፣ የምበላው የተቀቀለ ሳማ ነው። ጡቴ ለአንድ እንጂ ለሁለት አልሆነም፤ በሁለተኛው ቀን ሞተች። መቃብር ቦታው ተዘግቷል፣ ቤተ ክርስቲያኑ የበቆሎ መጋዘን ሆኗል። ካህን የለ። መስቀል አቁሜ ብቀብራት ባሌ ላይ ዓመት ይጨምሩበታል። እርሻው ውስጥ ብቀብራት ትራክተሩ ያወጣታል። ይሄን ድንጋይ ግን ማንም አይደፍረውም። ምስክሮቹን አልነካሁም፤ ከጎናቸው አስተኝቼ አደራ አልኳቸው። ማሽን መምጣቱን ስሰማ ላወጣት ፈልጌ ነበር። የሚወስደኝ አጣሁ።»

እኔ ተናደድኩ። በማን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። በዚያ ዘመን፣ በፓሽክ፣ በሉላሽ ምላስ፣ በመንገዱም ጭምር ተናድጄ እዚያው ጭቃው ላይ አለቀስኩ። ፓሽክ ኮቱን አውልቆ መሬት ላይ ዘረጋላቸው፤ አባባ ጌጋም አጥንቱን እዚያ ላይ አኖሩት። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውስጥ አዲሱን መቃብር የቆፈረው ሉላሽ ነው። ማንም አላዘዘውም፣ ማንም እንዲያግዘውም አልፈቀደም።

ከደርዛ ከተመለስን በኋላ የቀረው ካርታው ነበር። ቀዩ ውስጥ መቃብር ከተገኘ በካርታው ላይ መስፈር አለበት፣ ከጎኑም የሟቹ ስም ይጻፋል። ፓሽክ ያንን ቦታ ባዶ ትቶ ቀናት ከረመ። አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ ካርታውን ጠቅልሎ ያዘና «ነይ፣ ብቻዬን አልችልም» አለኝ። ወደ ላይ ወጣን። እማማ ድራኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ እጅግ አንሰው ነበር።

«እማዬ፣ ስሟን ልጽፍ ነው» አላቸው። «ማን ነበር ስሟ?»

«ስም አላወጣሁላትም።»

«ሁለት ቀን ሙሉ?»

«ስም ባወጣላት ኖሮ እንዴት አድርጌ ጡቴን እከለክላት ነበር?»

ፓሽክ ጎናቸው መሬት ላይ ተቀመጠ። ግዙፍ ሰው አይደለም፤ ያን ዕለት ደግሞ ልጅ አከለ። ሊጠይቅ የፈለገው ሌላ ነገር እንደሆነ አውቄ ነበር። እሳቸውም አውቀዋል።

«ደካማዋ እሷ ነበረች፣ አይደል?» አለ። «አትተርፍም ብለሽ ነው።»

እማማ ድራኔ እጃቸውን ጭንቅላቱ ላይ አደረጉ። መዋሸት ይችሉ ነበር። አርባ ምናምን ዓመት ዝም ያለ ሰው አንዲት ውሸት አታቅተውም፤ እኔ በሆዴ ይዋሹት፣ ይዋሹት እያልኩ ነበር።

«አይደለም፣ ልጄ» አሉት። «ጠንካራዋ እሷ ነበረች። ትጮህ ነበር፣ እጄን ትጨብጥ ነበር። አንተ ዓይንህን እንኳ አልገለጥክም። ግን ወንድ ነበርክ፤ አባትህ የሚመለስ አልመሰለኝም፣ የቤቱ እሳት እንዳይጠፋ ብዬ ነው።»

እማማ ድራኔ መንገዱ ሳይከፈት ዐረፉ፤ ከሴት ልጃቸው ጎን ተቀበሩ። ካርታውን የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ መጀመሪያ ለእኔ ቢሰጠኝ ይሻል የነበረውን። በስሙ ቦታ ላይ «የፓሽክ እህት» ብዬ ጻፍኩ። አለቃችን ይሄ ስም አይደለም ብሎ መለሰልኝ፤ ያንኑ ደግሜ ጽፌ ላክሁለት። ፓሽክ አሁንም ከፊት ለፊቴ ይቀመጣል፣ አሁንም ያልረገጠውን አይፈርምም። ካርታ ማማቱን ግን ትቷል።