ደጋግሞ የታሸ ቋንጣ

ሁዳዴ ሲገባ አልደከመኝም የሚል ሰው ካለ ቋንጣ ዘልዝሎ አያውቅም። እኔ ደክሞኛል፤ ደግሞም እናገረዋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ብቸና ቢሮ ስወጣ ስወርድ እሰነብትና፣ የቅበላ ቅዳሜ ሚኒባስ ውስጥ ተጠቅጥቄ ሞጣ እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ጎረቤቶቿ በሬ ጥለው ቅርጫ ይካፈላሉ፤ እሷም ብቻዋን እየኖረች ድርሻዋን አትተውም። እሑድ በልተን የተረፈን ሥጋ ለፋሲካ ቋንጣ ይሆናል።

ያን ዓመት ግን ድካሙ ሌላ ነበር። አማኑኤል ከተማ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ፣ «እማ መርሳት አብዝታለች፤ ብቻዋን መኖር የለባትም፤ እኔ ጋ እወስዳታለሁ» ብሎ ቆርጧል። ይህን የሰማች ዕለት እናቴ እህል አልቀመሰችም። «ከቤቴና ከደብሬ ነቅሎ? ሬሳዬን ይውሰድ!» አለች። እኔ መሐል ገብቼ «ጋሼ፣ ለፋሲካ መጥተህ እያት፤ ደህና ከሆነች ተዋት» ብዬ ለመንኩት። እንደ ምንም እሺ አለኝ።

እሑድ ከሰዓት ሥጋውን እኔ ዘለዘልኩ፣ ቅመሙን እሷ አዘጋጀች። በዚህስ ማንም አይደርስባትም። ጨውና በርበሬውን፣ ቁንዶ በርበሬና ኮረሪማውን በሙቀጫ ወቅጣ ደባለቀችው። ከዚያ ዝልዝሉን አንድ በአንድ በመዳፎቿ መሐል እየሳበች አሸችው። ቀመሰች፣ እኔንም አቀመሰችኝ፤ ልክ ነበር። ከምድጃው በላይ በተወጠረው ገመድ ላይ ሰቅለን ከሥሩ የወይራ ጭስ ለቀቅንበት። ወገቤ ተቆርጦ ተኛሁ።

ሰኞ ጠዋት ስነሳ ሥጋው ከገመዱ ወርዷል። እናቴ ገበቴው ላይ አጎንብሳ ታሻለች።

«እማ! ምን እያደረግሽ ነው? ትናንት አሽተሽዋል እኮ!»

«ሂጂ ወዲያ! ጨው ያልነካው ሥጋ ሰቅለሽ ልታገሚብኝ ነው? ሙያ በልብ ነው፤ አንቺ ወሬሽን ተይ።»

ቅመሺውና እዪው እንዳልላት ጾም ገብቷል። እናቴን በሁዳዴ ሥጋ ቅመሺ ማለት ክርስትናሽን ካጂ ማለት ነው። እኔም ራሴ አልቀምስ ነገር! ምላሳችን ታስሮ ማን ይመስክር? መሟገቱም ደከመኝ።

ጾሙ ሲጋመስ ልጠይቃት ብሄድ፣ ጎረቤቷ ወደ ጎን ጠርታኝ «ቋንጣውን እንደገና አውርዳ ስታሸው አየኋት» አለችኝ። ቀና ብዬ ባየው ጨው ተጋግሮበታል። ባራግፈው፣ ብፍቀው፣ ከነቅመሙ ደርቆ አልለቅ አለ። ወይ አምላኬ፣ ወንድሜ ይህን ቀምሶ ነው እንግዲህ ደህና ናት የሚለው! አለቀላት ብዬ አለቀስኩ።

የፋሲካ ዕለት ወንድሜ መጣ። ቋንጣውን ውኃ ውስጥ ልዘፍዝፈው ብል ማን አስጠግቶኝ! ፍርፍሩን ራሷ ሠርታ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ራሷ አቀረበች።

ወንድሜ አንድ ጉርሻ ጎረሰና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ውኃ ጨለጠ። ቀስ ብሎ እኔን አየኝ። እናቴም ጎረሰች፤ ጥቂት አኝካ ቆም አለች።

«ይህን ጨው ማነው እንዲህ የሞጀረበት?»

ወንድሜ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደምኩት።

«እኔ ነኝ እማ። የታሸ መሆኑን ረስቼ ደግሜ አሸሁት።»

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ትሪውን ገፋ አድርጋ ተጠጋችኝና በርበሬ በነካው እጇ ጉንጬን ያዘችው።

«ውይ ልጄን! እኔስ ነገርሽ ካላማረኝ ቆየ» አለች። ወደ ወንድሜ ዞራ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ «ይቺን ልጅ ብቸና ብቻዋን አትተዋት። እኔ ጋ ትግባ፤ እኔ እጠብቃታለሁ።»

ወንድሜ አቀርቅሮ ሌላ ጉርሻ ጎረሰ። ስለ አማኑኤል ቃል አልተነፈሰም፤ ከዚያም ወዲህ አላነሳውም።

ክረምቱ ሳይወጣ ዝውውር ጠይቄ ሞጣ ገባሁ። አሁን አብረን ነን። ከቅዳሴ ስንመለስ ክንዴን አጥብቃ ትይዛለች፤ ለሚጠይቃት ሁሉ፣ እኔ እየሰማሁ፣ «ልጄ መርሳት ጀምሯት አመጣኋት» ትላለች።