የዳኘው ልጅ ዘጠኝ ጎሎች

አምባዬ በአትላንታ ውስጥ የሚጠላው አንድ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ኑሮው በቀለለለት ነበር። እሱ ግን ብዙ ነገር ይጠላል። ዳውንታውን የሚሠራበትን የመኪና ማቆሚያ ይጠላል፤ ቲኬቱ ጠፋብኝ እያሉ የሚያላግጡበትን ሾፌሮች ይጠላል፤ ከስቶን ማውንቴን እስከ ሥራው ድረስ በየማለዳው የሚገትረውን ትራፊክ ይጠላል። ከሁሉ አብልጦ የሚጠላው ግን ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ የስልክና የሻንጣ ሱቅ ያለውን ዳኘውን ነው። ለሌላው ጥላቻው ምክንያት ላይኖረው ይችላል፤ ለዚህኛው ግን አለው። ዳኘው ዘጠኝ ጎሎቹን ወስዶበታል።

ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ርቆ፣ አውስትራሊያ ነው። ሜልቦርን ከተማ ዳር ሃርዊክ ማልታ የሚባል የእግር ኳስ ክለብ ነበረ። በፈረንጆቹ 1956 ከማልታ ደሴት የፈለሱ የወደብ ሠራተኞች ናቸው፣ እሁድ እሁድ ድንጋይ ለቅመው፣ ሜዳ ጠርገው የመሠረቱት። ሠላሳ ሦስት ዓመት ከታገሉ በኋላ ክለባቸው አገር አቀፍ ሊግ ገባ። ለተጫዋች ደሞዝ የሚከፍል፣ ጨዋታው በቴሌቪዥን የሚታይ ክለብ ሆነ። በየሜዳው «እናንተ መጤዎች» እየተባሉ የሚሰደቡ ሰዎች ነበሩና፣ ሌላውን ሁሉ ቢነጠቁ ይቺን ክለባቸውን የሚያስነኩ አልነበሩም።

አምባዬ እዚያ የደረሰው ኬንያ ስደተኛ ካምፕ ሁለት ዓመት ተንገላቶ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። የክለቡ ሊቀመንበር ሚስተር ዛሚት አንድ ቀን በስደተኞች መጠለያ በር ሲያልፍ ኳስ ሲያንጠባጥብ አየውና መኪናውን አቆመ። ልምምድ አስገባው፤ ከመጠለያው ቢወጣ ማደሪያ እንደሌለው ሲሰማ ደግሞ ቤቱ ወሰደው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከልጆቹ ጋር አኖረው። ሚስትየዋ በየእሁዱ በቲማቲም የተሠራ ወጥ ታቀርብለት ነበር። ወጡ የጥንቸል መሆኑን ያወቀው በስምንተኛው ወር ነው፤ ካወቀም በኋላ መብላቱን አላቆመም።

አራት ዓመት ተጫወተላቸው። አርባ ስድስት ጨዋታ፣ ዘጠኝ ጎል። ማልያው ጀርባ ላይ የተጻፈው ግን «ዳኘው» ነው። ፈረንጅ መጨረሻ ላይ ያለውን ስም የቤተሰብ ስም ነው ብሎ ይጠራበታል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ከኋላ የሚመጣው የአባት ስም ነው። ስለዚህ አምባዬ ጎል ባገባ ቁጥር ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ተነሥቶ የሚጠራው አባቱን ነበር። አባትየው ደሴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ በዕድሜያቸው አንዴም ኳስ መትተው አያውቁም።

አሁን ብራያርክሊፍ ወዳለው ዳኘው እንምጣ። እሱም በዚያው ዘመን ሜልቦርን ሦስት ዓመት ታክሲ ነድቷል። በኋላ አሜሪካ ገባና ሱቁን ከፈተ። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ደንበኛ ሱቁ ውስጥ ቆሞ ስልኩን ሲነካካ የሃርዊክ ማልታን የድሮ ተጫዋቾች ዝርዝር አገኘ። «ዳኘው፣ 46 ጨዋታ፣ 9 ጎል» ይላል። «አንተ ሜልቦርን ነበርክ አይደል? ይሄ አንተ ነህ እንዴ?» ሲለው ዳኘው ሳቅ አለ። ነኝ አላለም፤ አይደለሁምም አላለም። ይቺው ሳቅ በቃችው። በሳምንቱ የአትላንታ አበሾች የእግር ኳስ ቡድን አሠልጣኝ አደረጉት፤ በወሩ ዝርዝሩ በመስታወት ተደርጎ ግድግዳ ላይ ወጣ፤ በዓመቱ የክለቡን ቀይና ነጭ ማልያ እዚሁ አትላንታ አሳትሞ ከጎኑ ሰቀለበት። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። ዳኘውን ግን አደመቀው።

አምባዬ አትላንታ የመጣው የዛሬ ስድስት ዓመት፣ በዲቪ የመጣችውንና ሆስፒታል የምትሠራውን ሉሊትን አግብቶ ነው። ገና በሁለተኛው ሳምንት የስልክ ካርድ ሊገዛ እዚያ ሱቅ ገባ። ቀና ሲል የአባቱ ስም ግድግዳ ላይ ነው።

«ይሄ ማነው?» አለ።

«እኔ ነኛ» አለ ዳኘው፣ ሒሳብ እየተቀበለ።

«እኔ ነኝ እንጂ! ዳኘው አባቴ ነው።»

ዳኘው የአምባዬን ቦርጭ አየ፤ ቀጥሎ የሚያነክስ እግሩን አየ። «አባትህ ከሆነ አባትህ ይምጣና ይውሰደዋ» አለው። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አምባዬ ፓስፖርቱን ደረት ኪሱ ይዞ መዞር ጀመረ። አምባዬ ዳኘው የሚለውን ገጽ ገልጦ ያላሳየው ሰው የለም። በየለቅሶ ቤቱ፣ በየሰርጉ፣ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሳይቀር አሳየ። «የዳኘው ልጅ መሆን ጎል ማግባት ነው እንዴ? የእኔም አጎት ዳኘው ነው» ይሉታል። የቡድኑ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ግን ከኋላ ረድፍ የቆመው ጸጉራም ቀጭን ልጅ የማንም ልጅ ሊሆን ይችላል። እየቆየ አምባዬ ሲመጣ ሰው ወሬ ማሳጠር ጀመረ። እሱም የናቁትን በሙሉ አንድ በአንድ መዝግቦ ያዘ።

«ለምን ክለቡን ኮል አታደርግም?» ትለዋለች ሉሊት። «አንድ ኢሜይል ይላኩልህ፣ ፕሩፍ አድርገህ ታሳያቸዋለህ፣ ያልቃል። ስድስት ዓመት እኔን ከምታደርቀኝ።»

«የማንንም ምስክርነት አልለምንም» ይላታል።

ውሸቱን ነው። ኩራት ይዞት አይደለም፤ መደወል የማይችልበት ምክንያት ስላለው ነው፤ ያንን ደግሞ ለሉሊትም አልነገራትም።

በ1998 ኳሱን የሚመሩት ሰዎች የስደተኞቹ ክለቦች የመጡበትን አገር ስምና ባንዲራ ይተዉ ማለት ጀመሩ። ይሄን ጊዜ አንድ ባለጸጋ ብቅ አለና ሊጉ ውስጥ ያለውን የሃርዊክ ማልታን ቦታ ልውሰድ አለ። ስሙ ሃርዊክ ፔሊካንስ ይሆናል፤ ቀይና ነጩ ቀርቶ ሰማያዊ ይለበሳል። ይህ የሚሆነው ግን ከዋናው ቡድን ሰባት ተጫዋች ከፈረመለት ነው። በዋዜማው ተጫዋቾቹ በሙሉ ሚስተር ዛሚት ጋራዥ ውስጥ ተሰበሰቡ። ማንም ላይፈርም ተጨባበጡ። አምባዬም ጨበጠ።

በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ የፈረመው እሱ ነው። ደሞዙ እጥፍ ነበር። ሌላም ምክንያት ነበረኝ ይላል ለራሱ፤ ምክንያት የሌለው ሰው ደግሞ የለም። እሱን አይተው ስድስት ተከተሉት፤ ሰባት ሞላ። ሃርዊክ ማልታ ከሊጉ ወጥቶ ደሞዝ ከማይከፈልበት የመንደር ውድድር ወረደ። አምባዬም አላለፈለትም፤ በሰማያዊው ማልያ በሦስተኛ ጨዋታው ጉልበቱ ተበጠሰ፣ ፔሊካንስም አራት ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ። በፈረመ ዕለት ሚስተር ዛሚት ሜዳው በር ላይ ቆሞ ጠብቆት ነበር። አልተቆጣም፤ አልተሳደበም። «የቤቴን ቁልፍ መልስልኝ» ነው ያለው። አምባዬ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል ሲባል በሰማ ቁጥር፣ እስከ ዛሬ ድረስ፣ ፊቱን ያዞራል።

ዘንድሮ ሃርዊክ ማልታ ሰባ ዓመት ሞላውና የታሪክ መጽሐፍ አሳተመ። ዳኘው ፈጥኖ አዘዘ። በዚያው ሰሞን የአበሻው ቡድን ጸሐፊ ሰሎሜ በየስልኩ መልእክት ላከች። በየዓመቱ የሚዘጋጀው ውድድር ከእንግዲህ «የዳኘው ዋንጫ» ተብሎ ይጠራል፤ ቅዳሜ ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ ያለው አዳራሽ ምሳ ተበልቶ ዋንጫው ይገለጣል ይላል። አምባዬ መልእክቱን መኪና ማቆሚያው ውስጥ አነበበውና ከኋላው የተሰለፉት መኪኖች ጡሩንባ እስኪነፉበት ድረስ በሩን ሳይከፍት ቀረ። ግድግዳ ላይ ያለ ወረቀት አንድ ቀን ይወርዳል። ዋንጫ ላይ ከተቀረጸ ግን አለቀ፤ ከዚያ በኋላ እውነቱን ቢናገር እንደ እብድ ነው የሚያዩት።

«እሄዳለሁ። ሰው ፊት እነግረዋለሁ» አለ ቅዳሜ ጠዋት ጢሙን እየተላጨ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

ፊርማው ትዝ ሳይለው ቀርቶ አይደለም። ሃያ ስምንት ዓመት አልፎታል፣ ማን ያስታውሰዋል ብሎ ተወው። ሉሊት ሽሚዙን ተኩሳ ሰጠችው። እንዳይጣላ ልትይዘው አብራው ሄደች።

አዳራሹ ሞልቷል። ዳኘው በሙሉ ልብስ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ከጎኑ በቀይ ጨርቅ የተሸፈነው ዋንጫ አለ። አምባዬ ከኋላ ተቀመጠ። ጨርቁ ሲነሳ እኔም ብድግ እላለሁ ብሎ ወስኗል። እጁን ፓስፖርቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ።

ሰሎሜ ማይክ ያዘች። «ጋይስ፣ ከዋንጫው በፊት አንድ ሰርፕራይዝ አለን። የኮች መጽሐፍ ትናንት ደርሷል። ስለሱ የሚያወራውን ገጽ ለእናንተ ትራንስሌት እያደረግኩ ላንብብላችሁ።»

ዳኘው መጽሐፉን አላነበበውም። ስሙን ፈልጎ ሲያገኘው ምልክት አድርጎ ዘግቶታል።

«ምዕራፉን የጻፈችው የድሮው ሊቀመንበር ልጅ ናት» አለች ሰሎሜ፤ አነበበችም። «በዚያ ዘመን እንደ ዳኘው ፈጣን አልነበረንም። ከኢትዮጵያ የመጣ ልጅ ነው። አርባ ስድስት ጊዜ ተሰልፎ ዘጠኝ ጎል አገባ።» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አምባዬ ጥርሱን ነከሰ። ንዴቱ ውስጥ ግን ደስታ ነበረበት፤ ለእሱ ከተጨበጨበ ሃያ ስምንት ዓመት ሆኖታል።

የሰሎሜ ዓይን ቀድሟት ሄደና ድምጿ ተቋረጠ። «ኮች፣ ይሄን ስኪፕ ላድርገው?»

«ለምን? አንብቢው እንጂ» አለ ዳኘው፣ ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብሎ።

አነበበችው። «ሁለት ዓመት ከእኛ ጋር ኖረ። እናቴ ልጄ ትለው ነበር። አባቴ ጋራዥ ውስጥ ተጫዋቾቹ ሁሉ ላይፈርሙ ተጨባበጡ፤ ሲነጋ መጀመሪያ የፈረመው እሱ ሆነ። ክለባችን ከሊጉ የጠፋው በዚያ ጠዋት ነው። አባቴ በተከታዩ ክረምት ሞተ። ቤታችን ውስጥ ዳኘው የሚል ስም አይጠራም።»

ከፊት ጠረጴዛ አንዱ «ኮች፣ ሲሪየስሊ?» አለ። ዳኘው እንደ ልማዱ ሳቅ ሊል ሞከረ፤ አልመጣለትም። ግንባሩን ጠረገ። ከዚያ ተነሣና፣ አምባዬ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲጮህ የኖረውን ነገር ቃል በቃል ተናገረው።

«ይሄ እኔ አይደለሁም። ፈረንጅ መጨረሻ ላይ የሚጽፈው የአባት ስም መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይሄ ሰውዬ ዳኘው አይባልም፤ የዳኘው ልጅ ነው።» እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። «ያውና ተቀምጧል። ፓስፖርቱን ይዞ ነው የሚዞረው፤ ጠይቁት።»

ሰው ሁሉ ዞረ። አምባዬ እንዲህ ዞረው እንዲያዩት ስንት ዓመት ተመኝቷል። አሁን ሲያዩት ግን ሽሚዙ በላቡ ጀርባው ላይ ተጣበቀ።

«ጋሽ አምባዬ» አለች ሰሎሜ፣ በማይኩ መሆኑን ረስታ፣ «እርስዎ ነዎት?»

ሉሊት ጉልበቱን ያዘችው። «አይደለሁም በል» አለችው በሹክሹክታ። «ስንት ዳኘው አለ። አይደለሁም በልና እንሂድ።»

ትክክል ናት። ሲስቁበት የኖሩት በዚሁ ነው፤ ዛሬ ቢጠቀምበት ማንም አይከራከረውም። ግን አይደለሁም ካለ ዘጠኙ ጎሎች የማንም አይሆኑም። አንዱን እግሩ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል፤ ዝናብ ነበር፣ ኳሷ ጭቃው ላይ ተንሸራታ ገባች፣ ሚስተር ዛሚት አጥሩን ዘሎ መጥቶ አቀፈው። ያንን ሰው ቁልፉን እስኪጠይቀው ድረስ ያደረሰውም ራሱ ነው። ሌላ ሰው አላደረገውም። ክፉኛ አፈረ።

ተነሣ። «እኔ ነኝ» አለ። «ዘጠኙም ጎል የእኔ ነው።»

«ፊርማውስ?» አለ ዳኘው።

«ፊርማውም።»

ማንም አላጨበጨበም። ሰሎሜ መጽሐፉን ዘጋችው፤ ዋንጫውን እንደተሸፈነ ወደ ጓዳ ወሰዱት። ዳኘው አሥራ ሁለት ዓመት ዋሽቷል፤ ግን ቡና እንኳ ሳይቀርብ ይቅር አሉት፤ ውሸት ማን የማይዋሽ አለ ብለው ወንበር ሳቡለት። አሁንም አሠልጣኝ ነው። የአምባዬ ጠረጴዛ ላይ የነበሩት አንድ ባንድ ተነሥተው ሌላ ቦታ ተቀመጡ። ሉሊት ቀረች፤ አላናገረችውም እንጂ።

አምባዬ ሲመኘው የኖረውን አገኘ። ዛሬ ብራያርክሊፍ ላይ አውስትራሊያ የተጫወተው ሰው ማን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሱቅ ሲገባ «የፈረመው» እያሉ እርስ በርስ ይጠቋቆሙበታል። ስለ ጎሎቹ ግን እስከ ዛሬ አንድ ሰው አልጠየቀውም።