የቺፕስ ማሽኖቹን ልክ መሬት ላይ ያሰመርኩ ቀን

ትናንት ከሰዓት በኋላ... ሞቼ ነበር ማለት ይቀላል። የፊደል ስህተት ካለ እለፉኝ።

ነገሩ የጀመረው ከቺፕስ ነው። ጋምቤላ ውስጥ ሱቅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ... ከአዲስ አበባ የሚመጣው ቺፕስ እዚህ ቆላ ሲደርስ ላስቲኩ ተጨማዶ፣ ውስጡ ደቅቆ ነው። ደንበኛ በሁለት ጣቱ ያነሣና «ይሄ የተከፈተ ነው» ብሎ ይመልስልኛል። ታዲያ ለምን እዚሁ አልጠብሰውም ብዬ ከኡጁሉ ጋር ተሻረክን። ኡጁሉ የከተማው ልጅ ነው፣ ኤሌክትሪሻን። ከከተማው ዳር መጋዘን ያለበት ግቢ ተከራየን።

አዲስ አበባ ያለው ማሽን ሻጭ በስልክ «ምንም ሳትገዛ በፊት የማሽኖቹን ልክ መሬት ላይ በኖራ አስምር» አለኝ። «ማጠቢያው፣ መላጫው፣ መክተፊያው፣ መጥበሻው፣ ማሸጊያው... በተርታ። ከዚያ ሳጥን ተሸክመህ በመሃላቸው እለፍ። ከጠበበህ አሁኑኑ አስፋው፤ በኋላ የፈላ ዘይት አጠገብ ሰው ይጋጭብሃል።» ለድንቹ እጣቢም ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ያስፈልጋል አለኝ።

እኔ ደግሞ... በእኛ ቤት ያልተከፈተ ንግድ ለሰው አይነገርም። አባቴም አጎቶቼም እንዲህ ነው የነገዱት። ሌላ ነጋዴ በሐሳቡ እንዳይቀድመኝ አጥሩን በሸራ ጋረድኩት። ቆፋሪዎቹን «ምንድን ነው የሚል ሰው ካለ አናውቅም በሉ» አልኳቸው። ኡጁሉንም አስማልኩት። ለሙከራ ከደጋ ያስመጣሁትን ድንች መጋዘኑ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ትናንት ኡጁሉ ቱቦ ሊገዛ ወጥቶ ብቻዬን ነበርኩ። ባዶ ሳጥን ተሸክሜ በኖራው መሃል እመላለሳለሁ... ሸራው ተቀደደ።

መጀመሪያ አንድ እጅ ገባ። ከዚያ ሰው። ከዚያ ብዙ ሰው። ማንም አልጮኸም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። አንዳንዱ ዱላ ይዟል። ሰሞኑን ከተማው ጥሩ አልነበረም፣ ሰው በጊዜ ነው ቤቱ የሚገባው። ስልኬን አወጣሁ... ኔትወርክ የለም።

ከፊት የቆመችው እማማ አሪየት ናት፣ አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ። በየቀኑ ሰላም ትለኛለች። ትናንት አላለችኝም።

«ይሄ ጉድጓድ ምንድን ነው?» አለች።

እውነቱን መናገር ስችል ልማዴ ቀደመኝ። «ምንም አይደል፣ የዕቃ ነው» አልኳት።

«ዕቃ መሬት ውስጥ ነው የምታስቀምጠው?»

አንድ ረጅም ሰውዬ ለመጥበሻው ያሰመርኩት ኖራ ውስጥ ገባና በጀርባው ተኛ። እግሩ ትንሽ ተረፈ።

«ለእኔ አጭር ነው» አለ።

«ለሌላ ሰው ይበቃል» አለ ከኋላ አንዱ።

ያኔ ገባኝ። ዞር ብዬ ግቢዬን በእነሱ ዓይን አየሁት... ሰው የሚውጥ ጉድጓድ፣ ሰው ሰው የሚያህል መስመር በተርታ፣ የተጋረደ አጥር፣ የማይናገሩ ቆፋሪዎች።

«ወላሂ የድንች ነው! የቺፕስ ማሽን ልተክል ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ድንች እዚህ አገር ይበቅላል?» አለ ሰውዬው ኖራውን ከልብሱ እያራገፈ። አይበቅልም። ምን ልበል?

እማማ አሪየት ወደ መጋዘኑ ዞረች። «ሽታው የሚመጣው ከዚያ ነው» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። «ልጄ ቤት አልገባም። ስልኩ አይሠራም። ያንን በር ክፈት።»

ሽታ? እኔ እዚያው ስውል ለምጄው ኖሯል። ለካ እሷ ቤት ሲገባ ነው የከረመው።

ቁልፉን ከኪሴ ሳወጣ ወደቀብኝ። አነሣሁት፣ ደግሞ ወደቀ። «ሆን ብሎ ነው» አለ አንዱ፤ ሌላው ከኋላ አንገቴን ያዘኝ። እውነቱን ልንገራችሁ... ውስጥ ምን እንዳለ እያወቅኩ እኔም በሩን ፈራሁት። እንደሚሞት ሰው በሆዴ ሸሃዳዬን አልኩ።

በሩ ሲከፈት ሽታው ሁላችንንም ወደ ኋላ መለሰን። ቆርቆሮ ሥር፣ በዚህ ሙቀት፣ ተዘግቶበት የከረመ ድንች የሞተ ነገር ነው የሚሸተው። ወንዶቹ አፍንጫቸውን ይዘው ውጭ ቀሩ። እሷ ገባች። የመጀመሪያውን ጆንያ ፈታችና እጇን እስከ ክርኗ ከተተች። የበሰበሰ ድንች። የሚቀጥለውንም ገለበጠችው። እስከ መጨረሻው ጆንያ ድረስ ገለበጠች፤ ማንም አላገዛትም፣ ማንም አላስቆማትም።

ከዚያ ድንቹ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። አንገቴን የያዘው ሰውዬ ለቀቀኝና ኮሌታዬን አስተካከለልኝ።

«ጀማል» አለችኝ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፤ «ሌላ ጊዜ ስትቆፍር ንገረን። እኛ ጉድጓድ ካየን ልጆቻችንን ነው የምንቆጥረው።»

እኔ ስፈራ የከረምኩት ሐሳቤን እንዳይወስዱብኝ ነበር።

ልጇ ዛሬ ጠዋት ከኩሌ፣ ከስደተኞቹ ካምፕ ተመለሰ። ካምፑ ውስጥ የጭነት ሥራ አግኝቶ፣ ስልኩም ባትሪ ጨርሶበት ነው። ስትሰድበው በአጥሩ ሰማኋት፤ እንደዚያ ደስ የሚል ስድብ ሰምቼ አላውቅም።

ሸራውን አንሥቼዋለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ ለሚያልፈው ሁሉ «የድንች እጣቢ ነው!» እላለሁ... ማንም ሳይጠይቀኝ።