ድመቷ ከሥልጠና የተመለሰች ጊዜ

ልጅ ሳለሁ፣ አራተኛ ክፍል፣ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ነበርኩ። የመውጫው ደወል ሲደወል ሌላው ወደ ቤቱ ሲሮጥ፣ እኔና ጓደኛዬ ሰዓዳ የምንሮጠው ወደ ትምህርት ቤቱ ዘበኛ ወደ አያ ደርሶ ነበር። የሁለታችንም እናቶች ጎንደር አራዳ ገበያ ሱቅ ስለነበራቸው፣ ዘግተው እስኪወስዱን ድረስ አያ ደርሶ ከጥበቃ ቤቷ ደጃፍ የባሕር ዛፍ ፍልጥ ያነዱልናል፤ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ ፍሙ ፊታችንን እየለበለበ፣ ጀርባችን በብርድ እየተንቀጠቀጠ ተረት እንሰማለን። ያኔ እናቴ ሱቁን ቶሎ የዘጋች ቀን አለቅስ ነበር።

ከተረቶቹ ሁሉ የምወደው የድመቷን ነበር። ያረጀች ድመት መሮጥ ሲያቅታት ቆብ ትደፋና «መንኩሻለሁ፤ ሥጋ በቃኝ» ብላ አይጦቹን ለጸሎት ትጠራለች። አይጦቹ ተሰልፈው ይገባሉ፣ ተሰልፈው ይወጣሉ፤ የመጨረሻዋ ግን አትወጣም። አያ ደርሶ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ ሥራ የማይገቡ ሰው ነበሩ፤ የድመቷን ጸሎት በዜማ ሲያወጡት ግን እንባቸው እስኪወርድ ይስቁ ነበር።

አንድ ምሽት ሰዓዳ አላስችላት አለ።

«አያ ደርሶ ተሳስተዋል። አያቴ እንዳለችኝ ድመቷ መካ ሄዳ፣ ሐጂ ሆና ነው የመጣችው። ነጭ ለብሳ፣ የተስቢህ መቁጠሪያዋን እየቆጠረች።»

«ኧረ ይቺ ድመት!» አሉ አያ ደርሶ። «የማትገባበት የለም በይኛ!»

ታዲያ ለወላጆች በዓል ክፍላችን ይህንኑ ተረት በድራማ እንዲያቀርብ ተወሰነና ድመቷን እንድሆን እኔ ተመረጥኩ። ዳይሬክተራችን መምህር አስናቀ ይህን ሲሰሙ እየሮጡ መጡ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ፍርሃታቸው ግን ከደግነታቸው ይበልጥ ነበር።

«ይህ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው! ትምህርት ከሃይማኖት ነፃ ነው! አያ ደርሶ፣ በዚህ ድራማ አንድ ሰው ቅር ቢለው፣ ከእንግዲህ እዚህ በር ላይ ተረት የሚባል ነገር እንዳልሰማ!»

«ገብርኤልን!» አሉ አያ ደርሶ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው። «ከእንግዲህ የመልአክ ስም ከአፌ አይወጣም!»

እኔ ግን ልቤ ድብን አለ። ምሽቶቻችን በአንዲት ድመት ጭራ ላይ ተንጠለጠሉ።

መምህር አስናቀ ድመቷን ገለልተኛ ለማድረግ ሦስት ቀን ደከሙ። መጀመሪያ «ሁለት ድመት ይሁኑ፤ አንዷ መነኩሴ፣ አንዷ ሐጂ» አሉ። ወዲያው ግን የትኛዋ ስንት አይጥ ትብላ የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ እኩል እንዳይካፈሉ አይጥ የሆኑት ልጆች ሰባት ነበሩ። ቀጥለው «እንግዲያው ዝም ብላ ሄዳ ትመለስ» አሉ።

«የት ሄዳ?» አለች የአይጦቹ አለቃ ሰዓዳ።

መምህር አስናቀ አሰቡ፣ አሰቡና ፊታቸው በራ። «ሥልጠና! ሥልጠና ማንንም አያስቀይምም!»

በዓሉ ዕለት የመምህር አስናቀን ቦርሳ አንግቤ፣ የካርቶን ባጅ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ መድረክ ላይ ወጣሁ። «ውድ ባለድርሻ አካላት የሆናችሁ አይጦች! የአምስት ቀን ሥልጠና ወስጃለሁ። አይጥ መብላት ጎጂ ልማድ መሆኑን ተገንዝቤያለሁ! ወደ ቡድን ውይይት እንግባ!»

ሕዝቡ ፈነዳ። ወላጆች አንዴ እኔን፣ አንዴ ከፊት የተቀመጡትን የክብር እንግዳ እያዩ ይንከተከታሉ። ለካ ሰውዬው ከትምህርት ጽሕፈት ቤታቸው ሳይሆን በቀጥታ ከሥልጠና ነበር የመጡት፤ ባጃቸው አንገታቸው ላይ፣ ቦርሳቸው ጭናቸው ላይ! እኔ ምኑን አውቄ፤ በችሎታዬ የተሳቀልኝ መስሎኝ ያልታዘዝኩትን አንዲት አይጥ ጨምሬ በላሁ። መምህር አስናቀ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እንግዳው ብድግ አሉ። ሳቁ ቀጥ አለ።

«ይህን ያዘጋጀው ማነው?»

መምህር አስናቀ ወንበራቸው ላይ ዝቅ ዝቅ አሉ። ያኔ አያ ደርሶ ኮፍያቸውን አውልቀው ከኋላ መጡ።

«ተረቱ የኔ ነው ጌታዬ። እኔ ቤት ድመቷ መነኩሴ ነበረች፣ እነ ሰዓዳ ቤት ሐጂ ነበረች። ሁላችንም በየቤታችን በገዛ ድመታችን ነበር የምንስቀው። መንግሥት ቤት ስትገባ ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነች። ምን ላድርጋት?»

እንግዳው ቁልቁል ባጃቸውን አዩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ምነው ታዲያ» አሉ እየሳቁ፣ «የምስክር ወረቀቷን ረሳችሁባት?»

በማግስቱ ምሽት ተፈቅዶልን እንደሆነ ሳናውቅ፣ እየፈራን ወደ በሩ ስንሄድ መምህር አስናቀ ከእሳቱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ቁጣ ጠበቅን። እሳቸው ግን ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ «አባቴ አገራችን አዲ አርቃይ ቄስ ነበሩ» አሉ። «እኛ ቤት ድመቱ ወንድ ነው፤ ቄስ ነው። የሚያወሩልንም ራሳቸው አባቴ ነበሩ።» ከዚያ ተረቱን ነገሩን። አቤት ሲያበላሹት! ሆኖም እስከ መጨረሻው አዳመጥናቸው፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ምሽት መጥተዋል።

ዛሬ እኔም እዚሁ ጎንደር መምህርት ነኝ። መመሪያውን አውቀዋለሁ፣ ሸጋ መመሪያ ነው፤ የማንንም እምነት አልሰብክም፣ የማንንም አላሳንስም። የተረት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ግን ድመቷ የት ሄዳ እንደተመለሰች እጠይቃቸዋለሁ። የጎረቤቱን ድመት ሊያወራ እጁን ያወጣውን «መጀመሪያ የቤትህን» እለዋለሁ። ከአያ ደርሶ እሳት የቀረልኝ ይኸው ነው።

በቀደም አንዲት ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች። «እናቴም አባቴም መምህር ናቸው» አለች። «እኛ ቤት ድመቷ መምህርት ናት። ‹ከእንግዲህ አልቆጣም› ትልና…»

ሁሉም ዓይን እኔ ላይ አረፈ። ከሁሉ ቀድሜ ሳቅሁ። ግን ምን እዋሻለሁ፣ ትንሽ ቆጥቁጦኛል።